ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ

ስለ ሠራተኛ ማኅበርና በሥራ ቦታ ስላለ እኩል ዕድል የቀረበ ትምህርት

ከማንበባችን በፊት እነዚህን ቃላት እንወቅ

አሠሪ፦ ደመወዝ እየከፈለ ሌላውን ሰው የሚያሠራ ሰው ወይም ድርጅት ነው።

የሠራተኛ ማኅበር፦ በአንድ ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች መብታቸውንና ጥቅማቸውን በጋራ ለማስጠበቅ በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው።

የኅብረት ስምምነት፦ ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ሌሎችም የሥራ ሁኔታዎች ተነጋግረው በጽሑፍ የሚፈራረሙት ውል ነው።

አድልዎ፦ ሰውን በሥራው ሳይሆን በፆታው፣ በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ መዝኖ አንዱን ማቅረብ፣ ሌላውን ማራቅ ነው።

1. ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም

የሠራተኛ ማኅበር ሲባል ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ገበሬው አጨዳ ሲደርስበት ደቦ ይጠራል። በከተማ ሰው ሲሞት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ዳጎስ ያለ ገንዘብ በእጁ የሚገባው እቁብ ሲደርሰው ነው። ይህ ሁሉ ለምን ይደረጋል? አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ሸክም ብዙ ሰው ሲካፈለው ስለሚቀል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የሠራተኛ ማኅበርም ሥሩ ይኸው ነው። ልዩነቱ እድር የሚደርሰው በሐዘን ቀን ሲሆን፣ የሠራተኛ ማኅበር ግን በሥራ ቀን ሁሉ ያስፈልጋል። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ «ደመወዜ አነሰኝ» ቢል ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «ካልተስማማህ በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሞልቷል» ይባላል። ሁለት መቶ ሠራተኞች መርጠው የላኳቸው ሦስት ሰዎች ያንኑ ቃል ይዘው ሲገቡ ግን «ተቀመጡ፣ እንነጋገር» ይባላሉ። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ከቃሉ በስተኋላ የቆመው ሰው ብዛት ነው።

2. የአገራችን ሠራተኞች እንዴት ተደራጁ?

በአገራችን ሠራተኞች በማኅበር እንዲደራጁ የሚፈቅደው የመጀመሪያው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የወጣው በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በ1955 ዓ.ም. የየድርጅቱ ማኅበራት ተሰባስበው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በዓለም የሥራ ድርጅት የወጡትን ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር መብት የሚናገሩ ሁለት የዓለም ስምምነቶች ተቀበለች።

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ይህ አንድነት ማኅበር በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው አራት ቀን ቆየ። ከተጠየቁት ነገሮች መካከል የደመወዝና የጡረታ ጉዳይ ይገኝበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውም መታወቅ አለበት። በ1968 ዓ.ም. አዲስ የሥራ ሕግ ወጣ፤ አንድነት ማኅበሩም በመንግሥት ተዘጋ። በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር ግን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ስለነበር የሠራተኛውን ድምፅ ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የመንግሥትን ትእዛዝ ወደ ታች ያወርድ ነበር። ዛሬ ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ባጭሩ ኢሠማኮ የሚባለው፣ የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። ማኅበር ስም ስላለው፣ ማኅተም ስላለው፣ ቢሮ ስላለው ብቻ ማኅበር አይሆንም። ማኅበር የሚሆነው የአባላቱ ሲሆን ነው።

3. እኩል ዕድል ማለት ምን ማለት ነው?

እኩል ዕድል ማለት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሥራ ይሥራ፣ አንድ ዓይነት ደመወዝ ይብላ ማለት አይደለም። መካኒክ የመካኒክን፣ ዘበኛ የዘበኛን ደመወዝ ያገኛል። እኩል ዕድል ማለት ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ዋጋ ይከፈል፣ ለመቀጠር፣ ለመሠልጠንና ለማደግም በሩ ለሁሉም እኩል ይከፈት ማለት ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። በአንድ የልብስ ስፌት ክፍል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሸሚዝ ይሰፋሉ እንበል። ሁለቱም በቀን 8 ሰዓት ይሠራሉ። ወንዱ በወር 3,000 ብር፣ ሴቷ 2,600 ብር ይከፈላቸዋል። ልዩነቱ በወር 400 ብር ነው። በዓመት 4,800 ብር ይሆናል። በአሥር ዓመት 48,000 ብር። ይህ ገንዘብ ከሴትዮዋ እጅ ሳይገባ የቀረ ገንዘብ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ነው፤ መድኃኒት ነው፤ የቤት ኪራይ ነው። በወር ሲታይ ትንሽ የሚመስል አድልዎ ሲደመር ዕድሜ ይበላል።

አድልዎ በደመወዝ ብቻ አይመጣም። አንዳንዴ በቅጥር ጊዜ ይመጣል፤ «ይቺ ነገ አግብታ ትወልዳለች» ተብሎ ትታለፋለች። አንዳንዴ በዕድገት ጊዜ ይመጣል፤ አሥር ዓመት በሥራው ላይ የቆየች ሴት ትናንት ለገባው ወንድ ሥራ ታለማምድና እሱ ካቦ ይሆንባታል። አንዳንዴም በአካል ጉዳተኛው ላይ ይመጣል፤ እጁ ሙሉ ሆኖ ሳለ እግሩ ታይቶ ይመለሳል። በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት የሚገፋም አለ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አለቃ ሥልጣኑን መከታ አድርጎ ሴት ሠራተኛን ሲያስቸግር ነው። «እሺ ካላልሽኝ ፈረቃሽን የሌሊት አደርገዋለሁ» የሚል ሰው አለ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጨዋታም አይደለም። በሕግ የተከለከለ ድርጊት ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት በአገራችን አለ። ይህ ተረት ስንት እናቶችን ዝም አሰኝቷል! በእኛ አስተያየት ሴት ባወቀች ቁጥር የሚያልቀው ሌላ ነገር ሳይሆን አድልዎው ነው።

4. ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና ከአሠሪዎች ጋር በጋራ የመደራደር መብት እንዳላቸው፣ ሴት ሠራተኞችም ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለቱ መብቶች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ልብ እንበል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ነገሩን በዝርዝር ያስቀምጠዋል። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

ሀ) አሠሪው በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል አድልዎ ማድረግ አይችልም።

ለ) ሴትና ወንድ ለቅጥር ወይም ለዕድገት ተወዳድረው እኩል ውጤት ቢያመጡ ቅድሚያ ለሴቷ ይሰጣል።

ሐ) ነፍሰ ጡር ሴት ለምርመራ ስትሄድ ደመወዟ አይቆረጥም። የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90፣ በድምሩ 120 የሥራ ቀን ነው፤ ሙሉ ደመወዝም ይከፈላታል። አባትየው ደግሞ የ3 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል።

መ) ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ወይም ትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። በእርግዝናዋ ምክንያት ከሥራ ማስወጣትም አይቻልም።

ሠ) ሠራተኛው የማኅበር አባል በመሆኑ ወይም አቤቱታ በማቅረቡ ብቻ ከሥራ ሊባረር አይችልም።

ረ) አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ ከሌሎች መሰሎቻቸው ጋር ሆነው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትም በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቷል። ይህ አዋጅ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው የሚመች የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሁሉንም ሰው አልሸፈነም። በ2011 የወጣው አዋጅ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን የቤት ሠራተኞች ለሌላ ደንብ ትቷቸዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ በዚህ አዋጅ መሠረት ማኅበር አያቋቁሙም። ስለዚህ «ሕጉ ወጥቷልና ነገሩ አልቋል» ማለት አይቻልም።

5. ሕግ እግር የለውም

ሕግ በወረቀት ላይ ተጽፎ አዲስ አበባ ይቀመጣል። በራሱ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካው አይሄድም፤ እግር የለውም። እግር የሚሆኑት ሠራተኞቹ ናቸው።

ለምሳሌ የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ እንውሰድ። ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መሠረት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ እንኳ አይችልም። ታዲያ ልጆቹ ምን አደረጉ? አንድ በአንድ እየለቀቁ ወጡ። ጥናቱ እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የመተካት ያህል አዲስ ይቀጥሩ ነበር።

ነገሩን ልብ ብለን እንየው። ሥራ ለቆ መሄድም አቤቱታ ነው። ግን ድምፅ የሌለው አቤቱታ ነው። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ በዚያው ደመወዝ ትገባለች፤ ወንበሩ አይቀዘቅዝም። የወጡት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል፣ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቢናገሩ ኖሮ ግን መስማት ግድ ይሆን ነበር።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ከእኛ ቀድመው ፋብሪካ ያቆሙት አገሮችም አልፈውበታል። እንግሊዝ አገር፣ ለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ዳገናም በሚባል ቦታ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ነበር። እዚያ 187 ሴቶች የመኪና መቀመጫ ልብስ ይሰፉ ነበር። ድርጅቱ የሥራ ደረጃ ሲያወጣ የእነሱን ሥራ «ብዙ ሙያ አይጠይቅም» ብሎ ዝቅ አደረገው። በዚያው ዝቅ ባለው ደረጃ ላይ እንኳ የሚከፈላቸው ወንድ የሚያገኘውን 85 በመቶ ብቻ ነበር።

በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 7 ቀን 1968 ሴቶቹ መርፌያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራ አቆሙ። መቀመጫ የሌለው መኪና አይሸጥምና የፋብሪካው ሥራ ቆመ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ወንዶች አልደገፏቸውም፤ በእነሱ ምክንያት እኛም ሥራ ፈታን ብለው ያኮረፉም ነበሩ። በመጨረሻ የመንግሥቷ ሚኒስትር ባርባራ ካስል ሴቶቹን ጠርታ አነጋገረች። ደመወዛቸውም የወንዶቹን 92 በመቶ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ የእንግሊዝ ምክር ቤት የእኩል ክፍያ ሕግን አወጣ።

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላለቀም። ሴቶቹ ከሁሉ በፊት የጠየቁት «ሥራችን ሙያ መሆኑ ይታወቅልን» ብለው ነበር። ይህ የተፈቀደላቸው በ1984፣ እንደገና ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው። በመካከሉ 16 ዓመት አልፏል። መብት አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚተው ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

6. ማኅበሩ ራሱ እኩል ካልሆነ

ስለ አሠሪው ብዙ ተናግረናል። ስለ ማኅበሩም እውነቱን መናገር ይገባናል። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ሳለ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወንድ፣ ጸሐፊው ወንድ፣ ገንዘብ ያዡ ወንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስብሰባው ከሥራ በኋላ አምሽቶ ይጠራል። በዚያ ሰዓት እናት ልጇን ከጎረቤት ትቀበላለች፤ ምድጃዋን ታነዳለች። ከዚያ በኋላ «ሴቶች እኮ ስብሰባ አይወዱም» ይባላል። አይወዱም ወይስ አይመቻቸውም?

እንዲህ ያለው ማኅበር በአንድ እጁ እንደሚያጨበጭብ ሰው ነው፤ ድምፁ አይወጣም። የወሊድ ፈቃድ፣ የልጆች ማቆያ፣ የሌሊት ፈረቃ መጓጓዣ፣ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ በድርድሩ ላይ የማይነሣው አሠሪው እምቢ ስላለ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ይቀራል። የጠያቂዎቹ ወንበር ላይ ችግሩን የሚያውቅ ሰው ስላልተቀመጠ ነው።

ስለዚህ ስብሰባው በምሳ ሰዓት ወይም በፈረቃ መለዋወጫ ላይ ይደረግ። በአመራሩ ውስጥ ሴቶች በቁጥራቸው ልክ ይመረጡ። ለድርድር በሚላኩት ሰዎች ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ የማሽን ሠራተኛዋም ትግባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም? ከድሩ ግማሹ ክር ከተተወ ግን የሚታሠረው አንበሳ አይገኝም።

7. ፊደል ደመወዝ ይጨምራል ወይ?

እኛ ተማሪዎች በአንድ ፋብሪካ አጠገብ የማታ ትምህርት ስናስተምር አንዲት እናት እጃቸውን አነሡና «እናንተ ልጆች፣ ፊደል መቁጠሩስ ደኅና ነው። ግን ፊደል ደመወዝ ይጨምራል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እሳቸው በዚያ ፋብሪካ 11 ዓመት ሠርተዋል። የቅጥር ውላቸው ላይ ያለው ፊርማ የአውራ ጣታቸው አሻራ ነው። ምን ተጽፎበት እንደፈረሙ ያነበበላቸው ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ውሉን ይዘው መጡ። አብረን አነበብነው። የዓመት ፈቃድ «በሕጉ መሠረት» ይላል። ሕጉ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለሚጨመረው ለያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ከመጀመሪያው ዓመት ሌላ 10 ዓመት አላቸው፤ 10 ለ2 ሲካፈል 5። 16 ሲደመር 5፣ 21 የሥራ ቀን። እሳቸው ግን በየዓመቱ 14 ቀን ብቻ ነበር የሚሰጣቸው። ማንበብ የሚችሉት የጥገና ክፍል ወንዶች ሙሉውን ይወስዱ ነበር።

ያን ማታ በክፍሉ ውስጥ እንደ እሳቸው የጎደለባቸው ሌሎች ስድስት ሴቶች ተገኙ። ብቻ ብቻቸውን አልሄዱም። ሰባቱም አብረው ወደ ማኅበሩ ተወካይ ሄዱ፤ ተወካዩም ጉዳዩን በጽሑፍ አቀረበ። ሁለት ወር ከፈጀ በኋላ ፈቃዳቸው ተስተካከለ። ደመወዛቸው ግን አልጨመረም።

እንግዲህ ለጥያቄያቸው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ፊደል ብቻውን ደመወዝ አይጨምርም። ማኅበርም ሕጉን የማያነቡ አባላት ብቻ ካሉት ጉልበት የለውም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ተደብቆ የቆየው ይገለጣል፤ የተገለጠውም ጠያቂ ያገኛል።

8. ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ያላነበብነውን ወይም ያልተነበበልንን ወረቀት አንፈርም፤ አሻራም አናስቀምጥበት። የውሉን ቅጂ እንቀበል፤ ቤት እናስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ በየወሩ የደመወዝ ወረቀታችንን እናንብብ። ስንት ሰዓት ትርፍ እንደሠራን በደብተር እንጻፍ። ለምሳሌ በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ሥራ በእጥፍ ይከፈላል። የሰዓት ክፍያችን 12 ብር ቢሆንና 5 ሰዓት ብንሠራ፣ 12 በ2፣ በ5 ሲባዛ 120 ብር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የኅብረት ስምምነቱን ከማኅበሩ ጠይቀን በቡድን እናንብበው። ማኅበር ከሌለ አሥር ሆነን እንነጋገር፤ መተዳደሪያ ደንብ እናውጣ፤ መሪዎች እንምረጥ፤ በክልሉ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እናስመዝግብ።

አራተኛ፣ የደረሰብንን በደል ከነቀኑ እንጻፍ። የአንድ ሠራተኛ የግል ክስ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የሠራተኞች የጋራ ክርክር ደግሞ በአስማሚ ካልተፈታ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ሥራ ማቆም የመጨረሻው መንገድ ነው፤ እሱም ሕጉ የሚጠይቀውን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው የሚደረገው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእድርና በሠራተኛ ማኅበር መካከል ያለው አንድነትና ልዩነት ምንድን ነው?

2. አንዲት ሠራተኛ ለተመሳሳይ ሥራ ከባልደረባዋ በወር 250 ብር ያነሰ ብታገኝ በዓመት ስንት ብር ይጎድልባታል? በአምስት ዓመትስ?

3. ሥራ ለቆ መሄድ «ድምፅ የሌለው አቤቱታ» ለምን ተባለ?

4. እናንተ ባላችሁበት መሥሪያ ቤት በማኅበሩ አመራር ውስጥ ስንት ሴቶችና ስንት ወንዶች አሉ? ከሠራተኞቹ ቁጥር ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?

5. አንድ ሠራተኛ 7 ዓመት ቢያገለግል የዓመት ፈቃዱ ስንት የሥራ ቀን ነው? የራሳችሁንም አስሉ።

6. የቅጥር ውላችሁን ወይም የደመወዝ ወረቀታችሁን ወደሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የቸገራችሁን ቃል አስምሩበት፤ በክፍል ውስጥ አብረን እናነበዋለን።